ደረቁን ለሌሊት፣ እርጥቡን ለንጋት

 

የዛሬው ጉዳያችን ከዒድ ማለዳ ይጀምራል። ከመስጊድ ተክቢራው ይሰማል። አባት ጀለቢያውን ለብሶ፣ ልጆቹም አዲስ ልብሳቸውን አድርገው ወደ ሶላቱ ሜዳ ይወጣሉ። እናትስ? እናት ጭስ ውስጥ ናት። ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ሻዩ አልተጣደም፣ ከሶላት መልስ ደግሞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ዘመድና ጎረቤት ይገባል። ሁሉንም አሰናድታ ቀና ስትል ኹጥባው አልቋል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሴቶች ለዒድ እንዲወጡ፣ በወር አበባ ላይ ያሉትም ሳይቀሩ ከመስገጃው ፈንጠር ብለው በዱዓውና በደስታው እንዲካፈሉ ማዘዛቸውን በመድረሳ ተምረናል። ብዙዎቻችንን ግን ቤት የሚያስቀረን ድስት ነው።

ስለዚህ «ማታ ተሰናድቶ ጠዋት የሚበላ» የሚባል ምግብ ስንሰማ ጆሯችን ይቆማል። ከእነዚህ አንዱ በእንቁላልና በወተት ተዘፍዝፎ የሚያድር ዳቦ ነው። በከተማ ካፌዎች የቁርስ ዝርዝር ላይ «ፍሬንች ቶስት» ተብሎ የሚጻፈውን ታውቁት ይሆናል፤ ዳቦው እንቁላልና ወተት ውስጥ እየተነከረ በመጥበሻ አንድ በአንድ ይጠበሳል። በውጭ አገር ያሉ እናቶች ለብዙ እንግዳ ቆሞ መጥበሱ ሲያሰለቻቸው፣ ቁርጥራጩን በሰፊ ዕቃ ደርድረው፣ እንቁላልና ወተቱን አፍስሰውበት፣ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው ጠዋት ኦቨን ውስጥ ይከቱታል። ከቁርስ ዘግይቶ፣ ከምሳ ቀድሞ ለሚመጣ እንግዳ የሚቀርብ ነው። ባሕር ማዶ ያሉ እህቶቻችን አሠራሩን በስልክ ይልኩልናል፤ እኛም አዘና ላይ ደርሶናል።

እኔ ይህን ምግብ እደግፋለሁ። ለዒድም፣ ለእሑድ ማለዳም፣ ለረመዳን ሰሁርም ይሆናል። ነገር ግን አሠራሩ ወደ ቤታችን ሲገባ አንድ ነገር ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እሱም ፍሪጁ ነው። ምግቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ አደጋው ያለው ሌሊቱ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ መልእክትም በአጭሩ ይኸው ነው፦ ፍሪጅ የሌለው ቤት ደረቁን ሥራ ለሌሊት ይስጥ፣ እርጥቡን ግን ለንጋት ያቆይ።

የደረቀ ዳቦ ጸጋ ነው

ከዳቦ ቤት የመጣ ዳቦ በማግስቱ ይደርቃል። በብዙ ቤት የደረቀው ለዶሮ ይበተናል ወይም ከጥራጊ ጋር ይወጣል። ቁርኣን በሱረቱል አዕራፍ 31ኛ አንቀጽ መብላት መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን እንደሚከለክል ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ሆነን መሬት የወደቀ ቁራሽ አይተን ብናልፍ ኡስታዛችን ይቆጡን ነበር። ታዲያ በየሳምንቱ የምንጥለው ቢጠራቀም ስንት እንጀራ፣ ስንት ዳቦ ይሆን?

የአደረን ዳቦ አርሶ መብላት የአንድ አገር ብልሃት ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች ይህንኑ ምግብ በቋንቋቸው «የጠፋ ዳቦ» ይሉታል፤ ሊጣል የነበረው ተመልሶ ምግብ ሆነ ለማለት ነው። ግብፆች በወተትና በለውዝ የሚጋግሩት «ኡሙ ዓሊ» አላቸው። ዐረቦች ዳቦን በሥጋ መረቅ የሚፈተፍቱበት «ሰሪድ» ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያወደሱት ምግብ ነው። እኛስ እንጀራው ሲያድር ፍርፍር አድርገን እንበላው የለ? ነገሩ ስሙ ነው እንጂ እንግዳ አይደለም።

ለዚህ ምግብ ደግሞ የደረቀው ከትኩሱ ይበልጣል። ትኩስ ዳቦ ወተት ሲነካው ፈርሶ ገንፎ ይሆናል፤ የደረቀው ግን ቅርጹን ሳይለቅ ወተቱን ይመጠዋል። ብቻ የደረቀና የሻገተ አንድ አይደሉም። በአዊ ክረምቱ ረጅምና እርጥብ ስለሆነ ዳቦ ቶሎ ይሻግታል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ሻጋታ ያየችበት እናት ያንን ጥግ ቆርሳ ሌላውን ልታድን አትሞክር። ሻጋታ ዓይን ከሚያየው በላይ ሥሩን በለስላሳው ዳቦ ውስጥ ይሰዳል፤ ሙሉውን መጣል ነው፣ ይህ ማባከን አይባልም።

የምግብ ይዘቱንም እንመልከት። የልጆቻችን የዘወትር ቁርስ ስኳር የበዛበት ሻይና ዳቦ ነው። 60 ግራም የምትሆን አንዲት ቁራሽ ዳቦ 5 ግራም ያህል ፕሮቲን ትሰጣለች፤ ሻዩ ምንም አይጨምርም። ከዚህ በታች በምገልጸው መጠን የተሠራው ዳቦ ግን ለአንድ ሰው 14 ግራም ገደማ ፕሮቲን ያደርሳል። ጠዋት ቁርኣን ሊቀራ፣ ከዚያም ትምህርት ቤት ሊውል ለሚሄድ ልጅ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በእኔ ቤት የሆነው

አሁን ስለ አደጋው ልንገራችሁ፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ቤት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዒድ አል-ፊጥር ዋዜማ ምሽት ይህንኑ ዳቦ ልሞክር ተነሣሁ። ወተቱን በደንብ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ፣ እንቁላሉን መታሁ፣ ዳቦውን ደረደርኩ፣ ከዚያም በእጄ ጫን ጫን እያደረግኩ አራስኩት። ማታውን ሽንኩርት ስከትፍ የቆረጥኩት ጣቴ ላይ ፕላስተር ነበር። ፍሪጅ ስላልነበረን ዕቃውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ላዩ ወርቅ እስኪመስል ጋገርኩት። መዓዛው ጎረቤት ይጠራል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ቀረበ፣ ሁሉም አመስግኖ በላ።

7 ሰዓት ሳይሆን ትንሹ ልጄ አስመለሰው። ቀጥሎ አማቴ፣ ቀጥሎም እኔ። ሆድ ቁርጠትና ትውከት፤ ዒዱ በሳፋና በፎጣ አለፈ። አልሐምዱሊላህ፣ በማግስቱ ሁላችንም ተሻለን። አማቴ አረፍ ሲሉ ያሉኝን ግን አልረሳውም፤ «ልጄ፣ ወተት ወይ ይጠጣል ወይ ይረጋል፤ እንዲሁ አያድርም።» መድኃኒት ቤት ቆሜ ለሰው ምክር የምሰጥ ሴት፣ በትምህርት የማውቀውን ነገር ከማእድ ቤቴ ተማርኩት።

«ጠዋት ይበስል የለም ወይ?»

ይህን ታሪክ ለእህቶች ስነግር ሁልጊዜ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጠዋት እሳት ካገኘው ጀርሙ ይሞት የለ?

ጀርሙ ይሞታል፤ መርዙ ግን ላይሞት ይችላል። በእንቁላል የሚተላለፈው ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በደንብ በበሰለ ምግብ ውስጥ ይሞታል። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ ግን በቆዳችን፣ በአፍንጫችን፣ በተለይም በቁስል ላይ የሚኖር ነው። በእጃችን ወደ ምግቡ ከገባና ለብ ባለ ቦታ ሰዓታት ካገኘ ይራባል፣ ምግቡ ውስጥም መርዝ ይተዋል። ጠዋት ባክቴሪያውን ብንገድለው መርዙ መፍላትን ይቋቋማል። ምልክቱም ከበሉ ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ድንገት የሚጀምር ትውከትና ቁርጠት ነው። እኛ ላቦራቶሪ አላስመረመርንም፤ የቆሰለው ጣቴ፣ ያደረው ወተትና ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ግን ወደዚሁ ያመለክታሉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ባክቴሪያ በየግማሽ ሰዓቱ እጥፍ ቢሆን በ8 ሰዓት ከ65 ሺህ በላይ ይሆናል። ወተት፣ እንቁላልና ዳቦ ተደባልቀው ሲያድሩ ከዚህ የተሻለ መራቢያ አይገኝም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባወጣቸው አምስት የምግብ ንጽሕና ምክሮች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ሙቀት አደገኛ ይለዋል። የበሰለ ምግብ እንኳ ከ2 ሰዓት በላይ በዚህ ሙቀት እንዳይቆይም ያሳስባል።

«የኛ አገር ደጋ ነው፤ ሌሊቱ ራሱ ፍሪጅ ነው» የሚሉም አሉ። የአዘናን ብርድ አላጣሁትም። ውጭው ይቀዝቅዝ እንጂ ፍም የተዳፈነበት ማእድ ቤት፣ ሰውም የሚተኛበት ቤት 5 ዲግሪ አይደርስም። ብርድ ልብስ ስላስፈለገን ፍሪጅ ውስጥ አድረናል ማለት አይደለም።

ፍሪጅ ያላችሁስ? እናንተ ዘፍዝፋችሁ ማሳደር ትችላላችሁ፤ ከድናችሁ፣ ከጥሬ ሥጋ አርቃችሁ፣ ከ12 ሰዓት ሳታሳልፉ። መብራት ቢጠፋ በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ያህል ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ ስንት ሰዓት እንደቆየ ካላወቃችሁ፣ ምግቡን ለልጆች አታቅርቡ።

ሥራውን ለሁለት እንክፈለው

የደረቀ ዳቦ ወተት ለመምጠጥ ሌሊት ሙሉ አያስፈልገውም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እናትን የሚያደክማት መቁረጡ፣ ማጠቡ፣ መፈለጉና ማቅረቡ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ደረቅ ሥራ ስለሆነ ያለ ስጋት ማደር ይችላል።

ለ8 ሰው የሚሆነው መጠን፦ ግማሽ ኪሎ የደረቀ ዳቦ፣ 8 እንቁላል፣ ሦስት ሩብ ሊትር ወተት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ፣ ቁንጥር ጨው፣ 2 የበሰሉ ሙዞች፣ ለመቀቢያ ጥቂት ቅቤ።

ማታ የሚሠራው፦
1. ዳቦውን በሁለት ጣት ስፋት ቆራርጦ ሰፌድ ላይ ማስጣትና በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን።
2. ቅመሙንና ጨውን ቀላቅሎ በትንሽ ዕቃ መክደን።
3. ብረት ድስቱን አጥቦ ማድረቅ፣ የኮባ ቅጠሉን ማጽዳት፣ ከሰሉን ማቅረብ።
4. እንቁላሉን ሳይሰብሩ በቅርጫት ማስቀመጥ። ቀድሞ ማጠብ አያስፈልግም፤ የቅርፊቱን መከላከያ ያነሣዋል። የቆሸሸ ካለ ሊሰበር ሲል ይታጠብ።
5. ጠዋት ትኩስ ወተት የማታገኙ ከሆነ የዱቄት ወተት ማዘጋጀት። ዱቄቱ ደረቅ ነውና ያድራል፤ በውሃ የሚበጠበጠው ግን ጠዋት ነው።

ንጋት ላይ የሚሠራው፦ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ወተቱን ገንፍሎ እስኪነሣ ማፍላት። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ያስተላልፋል፤ «ከጓሮዬ ላም ነው» ማለት ከዚህ አያድንም። ወተቱ ለብ እስኪል እጅን በሳሙና መታጠብ። እንቁላሉን አንድ በአንድ በሲኒ ሰብሮ አይቶ ወደ ትልቁ ዕቃ መገልበጥ፤ አንዱ የተበላሸ ቢሆን ሌላውን አያጠፋም። ከወተቱና ከቅመሙ ጋር መትቶ ድስቱ ውስጥ በተደረደረው ዳቦና ሙዝ ላይ ማፍሰስ። ዳቦውን በማንኪያ እንጂ በእጅ አትጫኑት። ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ኦቨን የለንም ብላችሁ አትዘኑ፤ እናቶቻችን ድፎ ዳቦ የጋገሩት ያለ ኦቨን ነው። ድስቱን ቅቤ የተቀባ ኮባ አንጥፉበት፣ ከታች ለስለስ ያለ ፍም፣ ከላይ በብረት ክዳኑ ላይ እንዲሁ ፍም አድርጉበት። ከታች የበዛ እሳት ያሳርረዋል፤ ከላይ ጠንከር ማለት ይችላል። ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ኦቨን ላለው 180 ዲግሪ ላይ ተመሳሳይ ጊዜ ነው። መሐሉ ላይ ቢላ ሲሰካ እርጥብ እንቁላል ይዞ ከወጣ አልበሰለም። ከሰሉን ውጭ ወይም በርና መስኮት በተከፈተበት አቀጣጥሉ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ እንደሚገድል አትርሱ።

በዚህ አያያዝ ከ1 ሰዓት ተኩል በፊት ድስቱ ይወርዳል። በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ እናት ልብሷን ቀይራ ከቤተሰቧ ጋር ለሶላት ትወጣለች፣ ሲመለሱ ይቆረሳል። ከእሳት ከወረደ እስከሚበላ ከ2 ሰዓት አይለፍ። የሶላቱ ሜዳ ሩቅ ከሆነ ግን ወተቱንና እንቁላሉን ከመልስ በኋላ ቀላቅሉት፤ ሻይና ተምር እስኪቀርብ ይደርሳል።

ስኳሩ፣ ማሩና ቫኒላው

በስልክ የሚላኩልን አሠራሮች ብዙ ስኳር ያዛሉ፤ ላዩ ላይም ጣፋጭ ሽሮፕ ይፈስበታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በቀን የሚወስደው ስኳር ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመርጣል። ይህ 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ሁለት ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣ ሰው ገና ምግቡን ሳይነካ እዚያ ደርሷል። ስለዚህ ዳቦው ውስጥ ስኳር አትጨምሩ፤ ሙዙና ቀረፋው ይበቃሉ። የሚፈልግ ጥቂት ማር ከገበታው ላይ ይውሰድ። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። «ማር ስኳር አይደለም» የሚሉ የስኳር ሕሙማንም ይጠንቀቁ፤ ማርም የደም ስኳርን ይጨምራል።

ቫኒላ ጨምሩ የሚልም አለ። ፈሳሹ ቫኒላ በአብዛኛው በአልኮል ተዘፍዝፎ የሚወጣ ነው፤ ማሸጊያውን አንብቡ፣ ፍርዱንም ከዑለማ ጠይቁ። ለእኔ ግን የኮረሪማችን መዓዛ ከበቂ በላይ ነው።

መድኃኒት ለምትወስዱ

ምግቡ ወተት የበዛበት ስለሆነ ከአንዳንድ መድኃኒት ጋር አይስማማም። ነፍሰ ጡሮች የምትወስዱትን የአይረን ክኒን ከዚህ ምግብና ከሻይ ጋር አትዋጡ፤ ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቁት። ዶክሲሳይክሊን፣ ቴትራሳይክሊን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን የታዘዘላችሁ ክኒኑን በውሃ ውሰዱ፣ ወተት ያለበትን ምግብ ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ ብሉ።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የምትወስዱ፣ መድኃኒቱን ወስዳችሁ እንግዳ እስኪመጣ ሳትበሉ አትጠብቁ። የዒድ ማለዳ የደም ስኳር ወርዶባቸው የሚያልባቸውና የሚንቀጠቀጡ ወገኖች የሚያጋጥሙት በዚህ ምክንያት ነው። ስትበሉም የመዳፋችሁን ያህል፣ ያለ ማር።

ሳይታሰብ ምግቡ ቢያሳምም ወደ መድኃኒት ቤት ሮጦ «ለሆድ የሚሆን ክኒን» መግዛት መፍትሔ አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው። በተለምዶ ለምለም የምንለውን ኦ.አር.ኤስ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው የንጹሕ ውሃ መጠን በጥብጦ በትንሽ በትንሹ መስጠት። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የዓይን መጎድጎድ ወይም መጠጣት አለመቻል ከታየ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም።

የመጨረሻ ቃል

«8 እንቁላል ከየት መጥቶ?» የምትል እናት እውነቷን ነው። የእንቁላልና የወተት ዋጋ ለየዕለቱ አያስደፍርም። እኔም የየዕለት ምግብ አድርጉት አላልኩም። በወር አንድ ጊዜ፣ ለዒድ ወይም ለእሑድ ይሁን። መጠኑን በግማሽ መቀነስ ይቻላል፤ ለ4 ሰው 4 እንቁላል። እንግዳ ካላችሁ ከጎኑ የእኛው አገር ድንች ተቀቅሎ ይቅረብ።

ለወንዶች ወገኖቼም አንድ ቃል አለኝ። ሥራውን ለሌሊትና ለንጋት መክፈል ብቻ አይበቃም፤ ለባልና ለሚስትም ይከፈል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ማስተላለፏን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከሰሉን ማቀጣጠል፣ ዳቦውን ማታ መቆራረጥ፣ ወተቱን በማለዳ ማምጣት የአባትንም የወንድ ልጅንም ክብር አይቀንስም።

እህቶቼ፣ ቸኩሎ ማሳደር ዒዱን ወደ ሕመም እንደሚለውጠው በቤቴ አይቻለሁ። ደረቁን ለሌሊት እናሳድር፣ እርጥቡን ለንጋት እናቆይ። ከዚያ ተክቢራው ሲሰማ በጭስ ውስጥ ሆነን ሳይሆን ከልጆቻችን አጠገብ ቆመን አብረን እንበል።

አላህ ጤናና ዓፊያውን ይስጠን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።